ከመጋረጃው ጀርባ፦ ከፍሪታውን የመጣው ናቪጌተር

ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲባል መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው አብራሪው ነው። ቀጥሎ መትረየሱን የያዘው ተኳሽ። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የምፈልገው ውጭውን ስለማያይ ሰው ነው። ጠባብ ጠረጴዛ አለችው። ላይዋ ላይ ካርታ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና ዲቫይደር ተዘርግቷል። ከራሱ በላይ ትንሽ አምፖል በርታለች። ብርሃኗ ለጠላት እንዳይታይ ዙሪያው በጥቁር መጋረጃ ተጋርዷል። ውጭ ሰማዩ በእሳት ሲታረስ፣ እሱ መጋረጃው ውስጥ ቁጥር ይደምራል፣ ይቀንሳል።

ይህ ሰው ናቪጌተር ይባላል። ሥራው አውሮፕላኑ አሁን የት እንዳለ ማወቅና ቀጥሎ ወዴት መዞር እንዳለበት ለአብራሪው መንገር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ላይ ከበረሩት ናቪጌተሮች አንዱ የሴራሊዮን ሰው ነበር። ስሙ ጆን ሄንሪ ስማይዝ ነው፤ ሰው የሚጠራው ጆኒ እያለ ነው። በ1915 ፍሪታውን ውስጥ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የእሱን መንገድ ተከትለን ብንሄድ የአንድ ቦምብ ጣይ በረራ አባል ውትድርና ምን ይመስል እንደነበር ይገባናል። ስንት ጊዜ መብረር ነበረበት? በሕይወት የመመለስ ዕድሉ ስንት ነበር? ተመትቶ ከወደቀስ ምን ይጠብቀዋል?

ከመግቢያው በር እንጀምር። ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ መኮንን ለመሆን የአውሮፓ ዘር መሆን ግድ ነበር። ይህ በሹክሹክታ የሚነገር ልማድ አይደለም። የተጻፈ ደንብ ነው። ጥቁር ሰው ምንም ያህል ቢማር፣ ምንም ያህል ጤነኛና ብርቱ ቢሆን አይገባም። ጦርነቱ በሴፕቴምበር 1939 ተጀመረ። በኦክቶበር ደንቡ ተነሳ። ያውም ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ ተብሎ። ሰው ሲቸግር በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከነክነኛል።

ስማይዝ ግን ማንም አስገድዶት አልሄደም። በነገራችን ላይ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ የሚበር ሰው በሙሉ በጎ ፈቃደኛ ነበር። እግረኛ ጦር ውስጥ ሰው በግዳጅ ይመለመላል። ቦምብ ጣይ ላይ የሚወጣው ግን ራሱ ጠይቆ ነው። ስማይዝ ሂትለር ስለ ጥቁር ሕዝብ የጻፈውን አንብቦ ደሙ እንደፈላ በኋላ ተናግሯል። ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚያ አየር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል፤ አብዛኞቹ በምድር ሥራ ላይ። ከምዕራብ አፍሪካ ሄደው የበረሩት ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ናቪጌተር ለመሆን የሒሳብ ጭንቅላት ያስፈልጋል። ሠልጣኙ ካርታ ማንበብ፣ የነፋስን ፍጥነትና አቅጣጫ ማስላት፣ በኮከብ ቦታን ማወቅ ይማራል። ያለፈ ሰው ደረቱ ላይ ባለ አንድ ክንፍ ምልክት ይሰፋለታል። ሁለት ክንፍ ለአብራሪ ብቻ ነው።

ከዚያ ቡድን መመሥረት ይመጣል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይህ ነው። ከየሙያው እኩል እኩል ሰው አንድ ትልቅ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ ያስገባሉ። አብራሪዎች፣ ናቪጌተሮች፣ ራዲዮ ኦፕሬተሮች፣ ቦምብ አነጣጣሪዎች፣ ተኳሾች። ከዚያ «በሉ፣ ተመራረጡ» ይባላሉ። በቃ። የጫማ አጠራረግን ሳይቀር በትእዛዝ የሚወስን ጦር፣ ማን ከማን ጋር ይሙት የሚለውን ለልጆቹ ተወው። አንዱ ወደ ሌላው ይጠጋል። «ተኳሽ አለህ?» ይለዋል። ሻይ ይጋበዛሉ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ያልቃል። ጥቂት ቆይቶ የበረራ መሐንዲሱና ሁለተኛው ተኳሽ ይጨመሩና ሰባት ይሆናሉ።

የእነዚህ ልጆች አማካይ ዕድሜ 22 አካባቢ ነበር። ስማይዝ በ1943 ዓመቱ 28 ነው። በእነሱ ዓይን ትልቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛዋ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች በሌሊት ዒላማቸውን ማግኘት አይችሉም ነበር። እነሱ ግን እናገኛለን ብለው ያምኑ ነበር። በ1941 አውሮፕላኖቹ ያነሷቸው ፎቶዎች ሲመረመሩ ጉዱ ወጣ። ዒላማውን መታሁ ብለው ከተመለሱት ከዒላማው 8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የደረሰው ከሦስት አንዱ ብቻ ነበር። ጭስ በሚበዛበት በጀርመኑ የሩር የኢንዱስትሪ አካባቢ ደግሞ ከአሥር አንዱ። ሰው ሕይወቱን ሰጥቶ ቦምቡን ባዶ ማሳ ላይ ሲጥል ከርሟል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በነፋስ ምክንያት። ወንዝ በዋና የሚያቋርጥ ሰው አስቡ። ፊቱን ወደ ማዶ አቅንቶ ይዋኛል። ውኃው ግን ወደ ታች ይወስደዋል። ማዶ ሲደርስ ካሰበበት ዛፍ ሥር አይደለም። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይበራል እንበል። ከሰሜን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ። ናቪጌተሩ ይህን ካላወቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ተገፍተዋል። ከታች ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ከተሞቹ ሁሉ መብራት አጥፍተዋል። ሌላ ከተማ፣ ሌላ የመድፍ አጥር ላይ ይደርሳሉ።

ስለዚህ ናቪጌተሩ በየስድስት ደቂቃው ቦታውን ይፈልግ ነበር። ስድስት ደቂቃ የሰዓት አንድ አሥረኛ ስለሆነ ለስሌት ይመቻል። ያሉበትን ምልክት ያደርጋል። መሆን ከነበረባቸው ቦታ ጋር ያነጻጽራል። ከልዩነቱ ነፋሱን ያወጣል። አዲሱን አቅጣጫ ለአብራሪው ይነግራል። እርሳሱን ሳያስቀምጥ ቀጣዩ ስድስት ደቂቃ ይደርሳል። ይህ እስከ ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። ጣቱ በብርድ ደንዝዟል። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ጭምብል አለ። ሞተሮቹ ጠረጴዛዋን ያንቀጠቅጧታል።

ከ1942 ጀምሮ ጂ የሚባል የራዲዮ መሣሪያ መጣላቸው። እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ጣቢያዎች ምልክት ይልካሉ። ምልክቶቹ የሚደርሱበት ጊዜ ሲለያይ፣ ናቪጌተሩ ልዩነቱን ለክቶ ቦታውን ያውቃል። ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን ምልክቱ ከርቀት ጋር ይደክማል። ጀርመኖችም ብዙ ሳይቆዩ ማወክ ጀመሩ። ወደ ጀርመን ዘልቀው ሲገቡ መሣሪያው ዋጋ ያጣል፤ ተመልሶ እርሳሱ ብቻ ይቀራል።

ስሕተቱ ዒላማ ከመሳት የባሰ ነገር ያመጣ ነበር። ቦምብ ጣዮቹ በመቶዎች ሆነው በአንድ መስመር ተከታትለው ነው የሚሄዱት። ዓላማው የጀርመን ራዳሮችና የሌሊት ተዋጊዎች ማንን እንደሚከተሉ እንዲጠፋቸው ነው። ከመስመሩ የወጣ አውሮፕላን ግን ከመንጋው እንደተነጠለች በግ ነው። ጅቡ የሚይዘው እሷን ነው። ስለዚህ የሰባት ሰው ነፍስ በአንዲት እርሳስ ጫፍ ላይ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ ቁጥሩ አለ። እያንዳንዱ የበረራ አባል ልቡ ውስጥ ይዞት የሚተኛው ቁጥር 30 ነው። አንድ ዙር አገልግሎት ማለት 30 የውጊያ ጉዞ ነው። ሠላሳውን የጨረሰ ወደ ማሠልጠኛ ተዛውሮ እረፍት ያገኛል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ዓመት ያህል። ከዚያ ሁለተኛ ዙር ሊጠራ ይችላል፤ እሱ 20 ጉዞ ነው።

ሠላሳ ትንሽ ይመስላል። ስሌቱን አብረን እንሥራው። በእያንዳንዱ ሌሊት ከመቶ አውሮፕላን አምስቱ ይቀራሉ እንበል። በክፉ ወራት የሚያጋጥም ቁጥር ነው። ከመጀመሪያው ሌሊት 95 ይመለሳሉ። ጥሩ ነው። ከአሥረኛው ሌሊት በኋላ ግን 60 ቀርተዋል። ከሃያኛው በኋላ 36። ከሠላሳኛው በኋላ 21። በአንድ ሌሊት አምስት በመቶ የሚባለው ነገር ተደራርቦ ከመቶው ሰማንያ ያህሉን ይበላል።

ልጆቹ ይህን ስሌት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። የመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ባዶ ወንበር ይቆጥራሉ። ጠዋት የጎረቤት አልጋ አንሶላ ተነሥቶ ያያሉ። ከበረራ በፊት እንቁላል ይቀርብላቸው ነበር። እንቁላል በራሽን በሚታደልበት አገር ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳህኑ ላይ እንቁላል ያየ ሰው ዛሬ ማታ እንደሚሄድ ገባው።

አልሄድም ያለስ? እሱ ፋይሉ ላይ የሞራል ጽናት የጎደለው ተብሎ ይጻፍበታል። ማዕረጉ ሊገፈፍ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ወደ ሌላ ሥራ ሊላክ ይችላል። ሃያ ጊዜ ሄዶ በሃያ አንደኛው እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ልጅ እንኳ ይህ ስም ሊለጠፍበት ይችል ነበር። ዛሬ ሐኪም የሚያይለት ሕመም በዚያ ጊዜ እንደ ውርደት ተቆጠረ። ይህ ትልቅ በደል ነበር።

ብዙ ሰው ልምድ ያለው ቡድን ይተርፋል ብሎ ያምን ነበር። አለቆቹም ለወጣቶቹ ይህንኑ ነበር የሚነግሩት፦ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች እለፉ እንጂ ከዚያ በኋላ ይቀላል። ኋላ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ፍሪማን ዳይሰን ያኔ ገና ወጣት ሆኖ በቦምብ ጣዮቹ ዋና መሥሪያ ቤት የቁጥር ሥራ ይሠራ ነበር። ተቀምጦ መረመረው። በዚያ ወቅት አሥር ጊዜ የበረረውም ሃያ ጊዜ የበረረውም እንደ አዲሶቹ እኩል ይወድቅ ነበር። ልምድ አላዳናቸውም። አንዱ ምክንያት በኋላ ታወቀ። የጀርመን የሌሊት ተዋጊዎች ወደ ላይ የሚተኩስ መድፍ ተገጥሞላቸው ነበር። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር በጨለማ ይገቡና ከታች ይመቱታል። ተኳሾቹ ደግሞ ወደ ታች የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም።

ስማይዝ የበረረው ስተርሊንግ በሚባል አውሮፕላን ላይ ነው። እንግሊዞች በዚያ ጦርነት ያሰለፉት የመጀመሪያው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ይህ ነው። ግዙፍ ነው፤ ምድር ላይ ሲቆም አፍንጫው እንደ ፎቅ ይረዝማል። አንድ ክፉ ጉድለት ግን ነበረበት። ከፍ ብሎ መብረር አይችልም። ክንፉ ለክብደቱ አጭር ነበርና ቦምብ ጭኖ ከ5,000 ሜትር በላይ መውጣት ያቅተዋል። ላንካስተር የሚባሉት ሌሎቹ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ከላዩ ይበራሉ። ይህ ማለት የመድፉ ጥይት መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አልፎ አልፎም ከላይ የራሱ ወገን የጣለው ቦምብ ይመጣበታል። የሌሎች አውሮፕላኖች ሠራተኞች ስተርሊንግ አብሯቸው እንደሚሄድ ሲሰሙ ደስ ይላቸው እንደነበር ብዙዎች መስክረዋል። መከራውን እሱ ስለሚስብላቸው ነው። ይህን መስማት ለስተርሊንግ ልጆች ምን ይሰማቸው ነበር?

ኖቬምበር 18 ቀን 1943 ማታ፣ በእኛ ኅዳር 8 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ስማይዝ ከ623ኛው ስኳድሮን (የአየር ኃይሉ አንድ ክፍል) ጋር ተነሣ። የዚያ ሌሊት ዋናው ዘመቻ በርሊን ላይ ነበር፤ 440 ላንካስተሮች ወደዚያ ሄዱ። ስማይዝ ያለበት ሌላው ክፍል 395 አውሮፕላን ሆኖ ወደ ማንሃይምና ሉድቪግስሃፈን ተላከ። አንዱ ዓላማው የጀርመን ተዋጊዎችን ከበርሊን መሳብ ነበር። ተዋጊዎቹ በእርግጥም ተሳቡ። ከበርሊን 9 አውሮፕላን ቀረ። ከማንሃይም 23። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ ስተርሊንጎች ነበሩ፤ የሄዱት ደግሞ 114 ነበሩ።

ከዘጠኙ አንዱ የስማይዝ አውሮፕላን ነው። በመሬት መድፍና በሌሊት ተዋጊ ተመታ። ስማይዝ ቆሰለ። ፓራሹቱን ይዞ ዘለለ። መሬት እንደነካ አንድ ጎተራ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ወታደሮች መጥተው ጎተራውን በጥይት ሲደበድቡት እጁን ሰጠ። ከፊታቸው የቆመው ረጅም ጥቁር የእንግሊዝ መኮንን መሆኑን ሲያዩ ወታደሮቹ ማመን አቅቷቸው ነበር። ስለ እሱ የጻፉ ብዙዎች ያ 27ኛ ጉዞው እንደነበር ያስቀምጣሉ። ሦስት ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ስተርሊንጎች ወደ ጀርመን የሄዱት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ኖቬምበር 22 ማታ በርሊን ላይ እንደገና ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው። የቦምብ ጣዮቹ አዛዥ አርተር ሃሪስ ወዲያው ስተርሊንግን ከጀርመን ዘመቻ አስወጣው። የስማይዝ ስኳድሮንም በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ፈረሰ። ብዙ ጊዜ ሲባል የነበረው የአውሮፕላኑ ጉድለት በይፋ የታመነው ስማይዝ ከወደቀ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ተመትቶ የወደቀ አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ትንሽ ነበር። ዳይሰን ባወጣው ቁጥር ላንካስተር ሲወድቅ በሕይወት ዘልሎ የሚወርደው ከመቶ 15 ያህሉ ብቻ ነው። መውጫዋ ቀዳዳ ጠባብ ነች። ሰውየው ወፍራም ልብስ ለብሷል፣ ፓራሹት ታጥቋል፣ ጨለማ ነው፣ አውሮፕላኑ ይሽከረከራል። በጦርነቱ ውስጥ በእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ላይ ካገለገሉት 125,000 ገደማ ሰዎች 55,573ቱ ሞተዋል። 9,838ቱ ተማርከዋል።

ስማይዝ ከተማረኩት አንዱ ሆነ። የተላከው ስታላግ ሉፍት አንድ ወደሚባለው ካምፕ ነው። ባርት ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ባልቲክ ባሕር ዳር። እነዚህን የበረራ ምርኮኞች የሚጠብቀው የጀርመን አየር ኃይል ነበር። በጄኔቫ ስምምነት መሠረት መኮንን ምርኮኛ ለሥራ አይገደድም። ስለዚህ ቀኑ ረጅም ነው። ረሃብ አለ፣ ብርድ አለ፣ የቀይ መስቀልን ጥቅል መጠበቅ አለ። ስማይዝ የማምለጫ ኮሚቴው ውስጥ ገብቶ ሌሎችን ይረዳ ነበር። ራሱ ግን አልሞከረም። እንደ እሱ ያለ ረጅም ጥቁር ሰው በሰሜን ጀርመን መንደሮች ውስጥ ተመሳስሎ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ያንን ሁሉ መንገድ በካርታ ላይ ያወጣ የነበረ ሰው ለራሱ መውጫ አጣ። በሜይ 1945 መጀመሪያ የሶቪየት ጦር ደርሶ ካምፑን ነፃ አወጣው። በዚያን ጊዜ ውስጡ ወደ 9,000 የሚጠጉ ምርኮኞች ነበሩ።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ከላይ ስላሉት ነው። ከታችም ሰው ነበር። ከ1942 ጀምሮ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ትእዛዝ ከፋብሪካ አልፎ ከተማን በሞላ መምታት ነበር። በጁላይ 1943 ሃምቡርግ ላይ ብቻ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ አብዛኛው ሴት፣ ሕፃንና አዛውንት። ናቪጌተሩ መጋረጃ ውስጥ ስለነበር እሳቱን ብዙ ጊዜ አላየውም። ወደ እሳቱ ያደረሳቸው ግን የእሱ እርሳስ ነው። እኔ የስማይዝን ብርታት አከብራለሁ፤ ናዚዎችን ለመዋጋት መሄዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የሃምቡርግን ሕፃናት ግን ከዚህ ሒሳብ ማውጣት አልችልም። ሁለቱም አብረው ይቀመጣሉ።

ከጦርነቱ በኋላ ስማይዝ በአየር ኃይሉ መኮንንነቱ ቆየ። ወደ እንግሊዝ ቅኝ ግዛት ቢሮ ተመድቦ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ወታደሮችን ጉዳይ ይከታተል ነበር። በ1948 ኢምፓየር ዊንድረሽ በተባለችው መርከብ ላይ ተሳፈረ። የተሰናበቱ ወታደሮችን ወደ ካሪቢያን የሚያደርስ መኮንን ሆኖ ነው የሄደው። መርከቧ ስትመለስ ሥራ ፈላጊ የካሪቢያን ሰዎችን ይዛ ጁን 22 ቀን ቲልበሪ ወደብ ደረሰች። ከእነሱ መካከል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዚያው አየር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ብዙዎች ነበሩ። አሁን ማደሪያ እንኳ የሚሰጣቸው አጡ።

ስማይዝ ከዚያ ሕግ ተማረ። ወደ ፍሪታውን ተመልሶ የሴራሊዮን ዋና ዐቃቤ ሕግ እስከመሆን ደረሰ። በ1996 እንግሊዝ አገር አረፈ። ለንደን ግሪን ፓርክ ዳር ለሞቱት የቦምብ ጣይ በረራ አባላት መታሰቢያ የቆመው ከዚያ 16 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው። ውስጡ የሰባት ሰዎች የነሐስ ሐውልት አለ፤ አሁን ከበረራ እንደተመለሱ ሁሉ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ቆመዋል። ከሰባቱ አንዱ ናቪጌተሩ ነው።